ከበሮው አልዘገየም

በ2000 ዓ.ም. አካባቢ አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ አነስተኛ የሙዚቃ ስቱዲዮ ረዳት ሆኜ እሠራ ነበር። ሥራዬ ገመድ መጠቅለል፣ ለድምፃውያን ሻይ ማዘዝና አለቃዬ ሲደክመው ደግሞ በኪቦርድ የተመታውን ከበሮ ኮምፒውተሩ ላይ «ማስተካከል» ነበር። ማስተካከል ስንል ኳንታይዝ የሚባለውን ትዕዛዝ ሰጥቶ፣ በሰው ጣት የተመታው ምት ሁሉ ስክሪኑ ላይ በተሰመሩት ቀጫጭን መስመሮች ላይ ልክክ ብሎ እንዲቀመጥ ማድረግ ማለት ነው። ጣት ሲቸኩል ማሽኑ ይመልሰዋል፤ ጣት ሲዘገይ ማሽኑ ይጎትተዋል። ከአንድ ዘፈን ቀጥሎ ሌላ ዘፈን ስናስተካክል እንውልና፣ ማታ ላይ ሁሉም በአንድ ሰው የተመታ ይመስል ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ መብራት ጠፍቶ ሲመለስ፣ ጓደኛዬ በፍላሽ ያመጣልኝን አልበም ድምፁን ለመሞከር ያህል በትልቁ ስፒከር ከፈትኩት። «ዶናትስ» የሚባል፣ ጄ ዲላ የተባለ አሜሪካዊ የሂፕሆፕ ፕሮዲዩሰር የሠራው፣ ራፐር የሌለበት፣ 31 አጫጭር ቁርጥራጮች የተደረደሩበት ሥራ ነበር። ጋሼ (አለቃዬን እንደዚያ ነበር የምጠራው) ሁለቱን እንደሰማ ብርጭቆውን አስቀምጦ «ይሄ ልጅ ሰክሮ ነው እንዴ የሠራው?» አለኝ። እኔም ስቄ ዘጋሁት። ለነገሩ ከጋሼ ጋር መስማማት የሥራዬ አንድ ክፍል ነበር።

ከብዙ ዓመት በኋላ፣ የ«ዘ ሩትስ» ባንድ ከበሮ መቺ ኩዌስትላቭ ይህንኑ ጄ ዲላን ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማበትን ቀን ሲያወራ ሳደምጥ ደነገጥኩ። ከአዳራሽ ውጪ ሳለ ከውስጥ የሚሰማው የኪክ (የከባዱ ከበሮ) ምት ቦታውን የሳተ መስሎት፣ የሰከረ ሕፃን የመታው ያህል ተሰምቶት ነበር። ልዩነቱ፣ ኩዌስትላቭ የሰማውን ነገር ተከትሎ ሄደ፤ እኔና ጋሼ ዘጋነው።

ሰውየው ጄምስ ዴዊት ያንሲ ይባላል። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በዚያው ናቸው) በየካቲት 7 ቀን 1974 ዲትሮይት ውስጥ ተወለደ። መጀመሪያ ጄይ ዲ በሚለው ስም ታወቀ፤ ጄ.ዲ. ተብሎ ከሚጠራው ከሌላው ፕሮዲዩሰር ከጀርሜይን ዱፕሪ ጋር ስላምታታው በ2001 ጄ ዲላ ተባለ። አባቱ ቤዝ ተጫዋች፣ እናቱ ሞሪን ደግሞ ኦፔራ የተማሩ ሴት ነበሩ። እናቱ እንደሚናገሩት፣ ልጃቸው ገና በሁለት ዓመቱ ሸክላ መሰብሰብ ጀምሮ፣ አባቱ መናፈሻ ይዞት ሲወጣ ትንንሾቹን ሸክላዎች ለሰው ያጫውት ነበር። ዲጄነቱ ከዚያ ይጀምራል ብንል ማጋነን አይሆንም። ፕሮዲዩሰር የሚለው ስም በኋላ መጣ እንጂ፣ ሥራው እስከ መጨረሻው ድረስ የዲጄ ሥራ ነበር፤ ሰው ያልሰማውን ሸክላ አግኝቶ፣ ሰው ያላሰበው ቦታ ላይ መርፌውን ማሳረፍ።

ኮናንት ጋርደንስ በሚባለው ሰፈራቸው አምፕ ፊድለር የሚባል ኪቦርድ ተጫዋች ይኖር ነበር። ከጆርጅ ክሊንተን ባንድ ጋር ዓለምን የዞረ ሰው ነው፤ ግን የቤቱን በር ለሰፈሩ ልጆች ክፍት አድርጎ ይተወው ነበር። ዲላ ኤምፒሲ የሚባለውን ማሽን የተዋወቀው እዚያ ነው። አምፕ መመሪያ መጽሐፍ አላስነበበውም፤ መነሻውን አሳየውና ራሱ እየነካካ እንዲያገኘው ተወው። በ1994 አምፕ ከክሊንተን ባንድ ጋር ለጉብኝት ሲወጣ፣ «ኤ ትራይብ ኮልድ ኩዌስት» የሚባሉት ራፐሮችም በዚያው ጉብኝት ላይ ስለነበሩ፣ ወጣቱን ከመካከላቸው ከኪው ቲፕ ጋር አገናኘው። ዲላ ከሰፈር ጓደኞቹ ከቲ ስሪና ከባቲን ጋር የመሠረተው የ«ስለም ቪሌጅ» ቡድን ካሴትም በዚያ መንገድ ከዲትሮይት ወጣ። ከዚያ በኋላ ያለው ፈጣን ነው። በ1995 የ«ፋርሳይድ»ን «ረኒን»፣ በ1996 የ«ዴ ላ ሶል»ን «ስቴክስ ኢዝ ሃይ» ሠራ። ገና 22 ዓመቱ ነበር።

ስለ ማሽኑ ትንሽ ልቆይ፤ ነገሩ ሁሉ ያለው እዚያ ውስጥ ነውና። ኤምፒሲን የነደፈው ሮጀር ሊን ነው፤ የመጀመሪያው ሞዴል በ1988 ወጣ፣ ዲላ ስሙን ያስጠራበት ኤምፒሲ 3000 ደግሞ በ1994። ፊት ለፊቱ አራት በአራት የተደረደሩ 16 የጎማ ፓዶች፣ አንዲት ትንሽ ስክሪን፣ የፍሎፒ ዲስክ ማስገቢያ አለው። ከሸክላ የተቀዳ ድምፅ በየፓዱ ላይ ይጫንና በጣት ይመታል። ማሽኑ ጊዜን የሚቆጥረው እያንዳንዱን ምት 96 ቦታ ከፋፍሎ ነው። በደቂቃ 90 ምት በሚሄድ ዘፈን አንዷ ክፍልፋይ ወደ 7 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ትሆናለች፤ ዓይን ከሚርገበገብበት ጊዜ በብዙ እጥፍ ያነሰች ማለት ነው። ኳንታይዝ ሲደረግ እነዚህ ጥቃቅን ቦታዎች ሁሉ ባዶ ይቀራሉ፤ ምቱ በትልልቆቹ መስመሮች ላይ ብቻ ይሰፍራል። ሊን ይህ ድርቀት ስለገባው፣ በየመካከሉ ያለውን ምት በጥቂቱ የሚያዘገይ ስዊንግ የሚባል አማራጭ ጨመረበት። ብዙ ሰው ወይ ድርቁን ወይ ስዊንጉን መርጦ ዘፈኑን በሙሉ በዚያው ይሠራል።

ስለ ዲላ የሚወራው ተረት «ኳንታይዙን አጠፋው» የሚል ነው። እኔም ለዓመታት እንደዚያ አምኜ፣ ኳንታይዙን አጥፍቼ በጣቴ ስመታ የወጣልኝ ነገር ዲላን ሳይሆን ልምምድ የሚጎድለውን የራሴን ጣት ይመስል ነበር። እውነቱ ከዚያ የተወሳሰበ ነው። አንዳንዱን ድምፅ ያላንዳች ማስተካከያ በጣቱ እንደመታው ይተወዋል፤ አንዳንዱን ድርቅ አድርጎ በመስመሩ ላይ ያስቀምጠዋል፤ አንዳንዱን በስዊንግ ያስኬደዋል፤ ሌላውን ደግሞ በማሽኑ ውስጥ ባለው የማንሸራተቻ ቅንብር ጥቂት ክፍልፋዮች ወደፊት ወይም ወደኋላ ይገፋዋል። ከዚያ እነዚህን በአንድ ላይ ያጫውታቸዋል። ሃይሃቱ (ጸናጽሉ) አንድ ዓይነት ሰዓት ይቆጥራል፤ ኪኩ በሌላ ሰዓት ይሄዳል፤ ቤዙ በሁለቱ መካከል እየተንገላወደ ያልፋል። ስለዚህ ልቅ የሚመስለው ነገር ተሰልቶ የተቀመጠ ነው፤ ስካር ቢሆን ኖሮ ከአራት ምት በኋላ በዚያው ቦታ ላይ አይደገምም ነበር።

እዚህ ላይ የጋሼን ስቱዲዮ ማስታወሴ አልቀረም። ችክችካን በኪቦርድ ስንሠራ ሁልጊዜ አንድ ነገር ይሞትብን ነበር። ሠርግ ቤት ከበሮ በእጅ ሲመታ፣ ጆሮ በሁለት ይቁጠረው በሦስት ሳይወስን ትከሻ አስቀድሞ ይነሣል። ያንኑ ምት ኮምፒውተር ውስጥ አስገብተን በመስመሩ ላይ ስናስተካክለው ትከሻው ይቀመጣል። ጋሼ ይህን ያውቅ ነበር፤ ፊቱ ላይ ይታየኝ ነበር። ግን ጥፋቱን በስፒከሩ፣ በኪቦርዱ፣ አንዳንዴም በእኔ ላይ ያላክክ ነበር። አንድ ዘፈን ሦስት ጊዜ አሠርቶኝ በመጨረሻ «ልብህ እዚህ የለም» ብሎ ያሳበበኝን ቀን እስከ አሁን አልረሳሁትም፤ ልቤ እዚያው ነበር፤ ከበሮው ግን በመስመር ተሰፍቶ አልንቀሳቀስ ብሎ ነበር። ዲላ ችክችካን ሰምቶ ያውቃል እያልኩ አይደለም። እኔ ግን ዲላን የተረዳሁት በችክችካ በኩል ነው።

ወደ ሥራው ልመለስ። በ1990ዎቹ አጋማሽ ዲላ ከኪው ቲፕና ከአሊ ሻሂድ ሙሐመድ ጋር «ዘ ኡማ» በሚባል የፕሮዲዩሰሮች ማኅበር ሥር ይሠራ ነበር። የአልበሙ ጀርባ ላይ የሚጻፈው የማኅበሩ ስም ስለነበር፣ ብዙ አድማጭ የወደደውን ከበሮ ማን እንደመታው ሳያውቅ ቀረ። ቆይቶ ከኩዌስትላቭ፣ ከድምፃዊው ከዲአንጄሎና ከኪቦርድ ተጫዋቹ ከጄምስ ፖይዘር ጋር «ሶልኳሪያንስ» በሚባለው ስብስብ ውስጥ ገባ፤ መሰብሰቢያቸው ጂሚ ሄንድሪክስ ኒውዮርክ ውስጥ ያሠራው ኤሌክትሪክ ሌዲ ስቱዲዮ ነበር። በ2000 ከዚያ ስብስብ የዲአንጄሎ «ቩዱ» እና የራፐሩ የኮመን «ላይክ ዋተር ፎር ቾኮሌት» ወጡ። «ቩዱ» ላይ ኩዌስትላቭ ያደረገው ነገር እስካሁን ይገርመኛል፤ ዕድሜውን ሙሉ እንደ ሰዓት ልክ ለመሆን የሰለጠነ ከበሮ መቺ፣ ማሽን ላይ ጣቱን የሚያሳርፍን አንድ የዲትሮይት ልጅ ለመምሰል እጁን እንደ አዲስ ማሠልጠን ነበረበት። ማሽን ሰውን እንዲመስል ሲደረግ አይተናል፤ እዚህ ግን ሰው በማሽን በኩል የመጣ ሌላ ሰውን ተማረ።

ድምፃዊቷ ኤሪካ ባዱም በዚያው ዘመን ዲትሮይት ድረስ ሄዳ ዲላ ምድር ቤት ውስጥ ካለው የሸክላ ክምችት መካከል «ታሪካ ብሉ» የሚባለውን ባንድ ሸክላ አነሣች፤ «ዲድንት ቻ ኖው» የሚለው ዘፈኗ ከዚያ ተወለደ። በነገራችን ላይ ያ ምድር ቤት የተዝረከረከ አልነበረም። የሚያውቁት ሁሉ የሚያወሩት ስለ ንጽሕናው ነው፤ ሸክላው በሥርዓት ተደርድሮ፣ ቤቱ ተጠርጎ፣ ሰውየው በጠዋት ተነሥቶ እንደ ፋብሪካ ሠራተኛ ሥራ ይጀምራል። የአርቲስት ቤት የግድ መዝረክረክ አለበት ብለው ለሚያስቡ ወዳጆቼ ይህን ደጋግሜ ነግሬያለሁ፤ ባለቤቴም ለእኔ ደጋግማ ነግራኛለች።

ከሸክላ ድምፅ መውሰድ ሌብነት ነው የሚል ክርክር በእኛም ዘንድ አለ፤ መልሴም እንደሚወስደው ሰውና እንደሚከፈለው ክፍያ ይለያያል። «ዶናትስ» ላይ ካሉት መካከል «ዶንት ክራይ» (አታልቅሺ) የሚለውን ልውሰድ። መነሻው «ዘ ኤስኮርትስ» የሚባሉ ድምፃውያን የዘፈኑት የፍቅር ዘፈን ነው። ዲላ መጀመሪያ ዋናውን ዘፈን ብዙም ሳይነካ ያሰማናል፤ እነሆ፣ የወሰድኩት ይህን ነው እንደማለት። ከዚያ በድንገት ዘፈኑን ከታትፎ፣ የተበጣጠሱትን ቃላትና ትንፋሾች ከሌላ ቦታ ጀምሮ ይገጣጥማቸዋል፤ የሰማነው ልመና አሁን ከተለየ ሰው አፍ የወጣ ይመስላል። ማን እንዳያለቅስ እንደሚለመን አድማጩ እርግጠኛ መሆን አይችልም። ደብቆ የሚወስድ ሰው ዕቃውን ከመቀየሩ በፊት ለባለቤቱ አያሳይም።

የእኛም ሙዚቃ በዚሁ በር ገብቷል። በ1997 አካባቢ የጀመረው «ኤትዮፒክስ» የተሰኘው ተከታታይ አልበም የቀድሞዎቹን ሸክላዎቻችንን ለውጭ አድማጭ ካዳረሰ በኋላ፣ የአሜሪካ ቢት ሠሪዎች በጆሯቸው ሙሉ ገቡበት። ዲላ በ2003 «ቻምፒዮን ሳውንድ» የሚለውን አልበም ከፕሮዲዩሰሩ ከማድሊብ ጋር ሠርቶ ነበር፤ የማድሊብ ታናሽ ወንድም፣ ኦ ኖ የሚባለው ፕሮዲዩሰር፣ በ2009 አንድ ሙሉ አልበም ከኢትዮጵያ ሙዚቃ ቆርጦ ሠራ። በቀጣዩ ዓመት ደግሞ ናስና ዴሚያን ማርሊ በሙላቱ አስታጥቄ «የግሌ ትዝታ» ላይ ራፕ አደረጉ። ያንን ዘፈን ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማሁት መኪና ውስጥ ነው፤ ከፊሉ ልቤ ኮራ፣ ከፊሉ ደግሞ በየቤቱ በእርጅና ላይ ያሉትን፣ ስማቸው በሸክላው ጀርባ እንኳ ያልተጻፈውን ነፋሾችና ከበሮ መቺዎች አሰበ። ዲላ ራሱ ስሙ ሳይጻፍ ብዙ የሠራ ሰው መሆኑ ይህን ሐሳብ አያቀልልኝም።

በ2000ዎቹ መጀመሪያ ላይ ደሙ ይታመም ጀመር። ቲ.ቲ.ፒ. በሚል ምሕጻር የሚታወቅ፣ በቀጫጭን የደም ሥሮች ውስጥ ደም እንዲረጋ የሚያደርግ ብርቅ በሽታ ነው፤ በዚያ ላይ ሉፐስ የሚባል ሌላ በሽታ ተጨመረበት። ወደ ሎስ አንጀለስ ሄዶ ከኮመን ጋር ይኖር ነበር፤ ቆይቶ ግን ኑሮው በአብዛኛው ሆስፒታል ሆነ። እናቱ ከጎኑ አልተለዩም። ጣቶቹ ሲያብጡ እንዲሠራባቸው ያሹለት እንደነበር ተናግረዋል። በ2005 መጨረሻ በተሽከርካሪ ወንበር ሆኖ አውሮፓ ሄዶ መድረክ ላይ ወጣ። «ዶናትስ» በ32ኛ የልደት ቀኑ፣ የካቲት 7 ቀን 2006 ገበያ ላይ ዋለ፤ እርሱ በሦስተኛው ቀን አረፈ።

ከዚህ አንድ ታላቅ ተረት ተፈጠረ፤ አልበሙ በሞት አልጋ ላይ፣ ከአንዲት ትንሽ የሸክላ ማጫወቻና ከአንዲት ሳምፕለር (ድምፅ ቀድቶ የሚያጫውት ማሽን) በቀር ምንም ሳይኖረው የተቀናበረ ስንብት ነው የሚል። እኔም ይህን ተረት ለስንቱ አውርቻለሁ። ሆስፒታል ውስጥ መሥራቱ እውነት ነው፤ ነገር ግን የአልበሙ ዋና አካል ከረጅሙ የሆስፒታል ቆይታ አስቀድሞ ከሠራው የቢት ስብስብ የመጣ ነው፤ ያንን ወደ አልበም ለማሳደግም ከአሳታሚው ወገን የሆነ ሰው እጁ አለበት። ይህን ባወቅሁ ጊዜ መጀመሪያ ቅር አለኝ፤ አንድ ነገር የተወሰደብኝ መሰለኝ። ሲውል ሲያድር ግን ተረቱ ራሱ ሲወስድ የኖረው ነገር እንዳለ ታየኝ። ሞት ነው አልበሙን የሠራው ስንል፣ ለዓመታት በየጠዋቱ እየተነሣ ምድር ቤት የወረደውን ሰው እንዘለዋለን። አልበሙ «አውትሮ» (መዝጊያ) በሚል ቁራጭ መጀመሩን፣ የመጨረሻው ቁራጭ ስም «እንኳን ወደ ትርኢቱ መጣችሁ» ማለት መሆኑን፣ ማብቂያውም ተዙሮ ከመነሻው ጋር መግጠሙን ሁላችንም የስንብት ምልክት አድርገን ተርጉመነዋል። ሊሆን ይችላል። ደግሞም ዶናት ክብ ነው፤ ሸክላም ክብ ነው፤ ዲጄ የሆነ ሰው ዙሩን የሚዘጋው ሊሞት ሲል ብቻ አይደለም።

እኔ አሁን የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ ነው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ሠርግ ላይ ዲጄ እሆናለሁ፣ በሌላው ቀን ሌላ ሥራ አለኝ። ዋሽንግተን ያለው የአፍሪካ አሜሪካውያን ታሪክና ባህል ሙዚየም በ2016 ሲከፈት፣ እናቱ ያበረከቱት የዲላ ኤምፒሲ 3000 እዚያ እንዳለ ሰምቼ በአንድ የሥራ ቀን ፈቃድ ወስጄ ሄድኩ። መስታወት ውስጥ ሆኖ ከጠበቅሁት ያነሰ መሰለኝ። አሥራ ስድስቱን ፓዶች ቆጠርኩ፤ የትኛው ላይ ኪኩን፣ የትኛው ላይ ስኔሩን (ቀጭን ድምፅ ያለውን ከበሮ) እንደሚጭን ለመገመት ሞከርኩ። ከአጠገቤ የቆመች ልጅ አባቷን «ይሄ ምንድነው?» ስትለው «ካልኩሌተር ነው መሰለኝ» አላት። ላርመው አስቤ ተውኩት፤ ብዙም አልተሳሳተም።

ባለፈው የትንሣኤ በዓል ጋሼን ለእንኳን አደረሰዎ ደወልኩለት። ስቱዲዮውን ከዘጋ ቆይቷል፤ ጆሮው ግን ደህና ነው። የእኔን ዋና ችግር አነሣሁለት፤ የዲላን ቢት በኮምፒውተር ደግሜ ለመሥራት ለዓመታት ሞክሬ፣ ኪኩን ባዘገየሁት ቁጥር ዘፈኑ እየከበደና እየተጎተተ እምቢ እንዳለኝ ነገርኩት። አንዱን ቁራጭ ላክልኝ አለኝ። በማግስቱ እርሱ ራሱ ደወለ።

«ይሄ ያኔ የሰከረ ነው ያልኩት ልጅ ነው አይደል?»

«አዎ ጋሼ።»

«ተሳስቼ ነበር፤ አንተም ተሳስተሃል። ኪኩን ለምን ታዘገየዋለህ? ከበሮው አልዘገየም። ስኔሩ ነው ቀድሞ የገባው፤ እሱ ሲቀድም ሌላው ሁሉ የዘገየ ይመስልሃል። ስማ እስቲ።»

ከዚያ ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ በጣቶቹ ይመታልኝ ጀመር። ድምፁ በኢንተርኔቱ እየተቆራረጠም ቢሆን ይሰማኝ ነበር፤ ከባዱ ጣት በቦታው ነው፣ ቀላሉ ጣት ግን በየዙሩ ትንሽ ቀደም እያለ ይወድቃል። አልዘጋሁትም። በአንድ እጄ ስልኩን እንደያዝኩ ኮምፒውተሩን ከፍቼ የድሮውን ሙከራዬን አወጣሁና፣ ኪኩን ወደ መስመሩ መልሼ፣ ስኔሩን ሁለት ክፍልፋይ ወደፊት ሳብኩት።